የስደት ኑሮ በኮሌጅ ይቈጠራልን?



ከትምህርት ቤታችን ከወጡት ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል ዛሬ በባሕር ማዶ የሚኖሩት ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ ደረሱ በቀጥታ ወደ ኮሌጅ የገቡ ሳይሆኑ፣ አስቀድመው በሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቈዩ፣ ቋንቋ የለመዱ፣ የሌላውን ሕዝብ ጠባይና ልማድ በኑሮ የተማሩ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ዘግይቶ ኮሌጅ በገባ ጊዜ፣ በኑሮ ያገኘው ዕውቀት እንደ ትምህርት ይቈጠርለታልን? ወይስ ምንም እንደማያውቅ ሰው ከሀ ይጀምራል? ይህ ጥያቄ በክርክር ማኅበራችን ተነሥቶ ጊዜው በማጠሩ ሳይቋጭ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በመጠየቅና በማንበብ ተከታትዬዋለሁ፤ ስለዚህ አሠራሩ ሰፊ ስለ ሆነበት ስለ አሜሪካ የደረስሁበትን ለአንባቢ ለማቅረብ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ክሬዲት ማለት ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ወላጆቻችን ቃሉን ይሰሙታል እንጂ ምንነቱ ላይገለጽላቸው ይችላል። ክሬዲት የኮሌጅ ትምህርት መስፈሪያ ነው፤ እህል በቁና እንደሚሰፈር ትምህርትም በክሬዲት ይሰፈራል። በአሜሪካ ልማድ አንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል ተቀምጦ፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል እየሠራ፣ ይህንኑ ለ15 ሳምንት ያህል ሲፈጽም አንድ ክሬዲት ያገኛል። አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ነው። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት፣ የአራት ዓመቱ 120 ክሬዲት ያህል ይጠይቃል። የትምህርቱም ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በክሬዲት ልክ ነው። ስለዚህ እየሠራ ለሚማር ስደተኛ 3 ክሬዲት ማለት ገንዘብ ነው፤ ከገንዘቡም ይልቅ እንቅልፍ ነው።

ከክፍል ውጭ የተገኘ ዕውቀት በኮሌጅ እንዲቈጠር በአሜሪካ መንገዱን የከፈቱት ስደተኞች አይደሉም፤ ወታደሮች ናቸው። በ1944 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱት ወታደሮች መንግሥት የትምህርታቸውን ወጪ እንዲችል ሕግ ወጣ። ከእነዚህ ዘማቾች መካከል በጦሩ ውስጥ ልዩ ልዩ ሙያና ቋንቋ የተማሩ ብዙዎች ነበሩ፤ የሚያውቁትን እንደገና በክፍል ቍጭ ብለው ይማሩ ማለት ጊዜም ገንዘብም ማባከን ሆነ። ስለዚህ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት የጦሩን ትምህርት እየመረመረ፣ ይህ ለዚህን ያህል ክሬዲት ይበቃል እያለ ለኮሌጆች አሳቡን ማቅረብ ጀመረ። በ1967 ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ክሌፕ የሚባለውን ፈተና አወጣ፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው ትምህርቱን ከየትም ያምጣው ከየት፣ የሚቀበለው ኮሌጅ ካገኘ ክሬዲቱን ይወስዳል። በ1971 በኒው ዮርክ ኢምፓየር ስቴት ኮሌጅ ለሥራ ሰዎች ተብሎ ተቋቋመ። በ1974 ደግሞ ዛሬ ኬል በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ማኅበር በልምድ የተገኘ ትምህርት በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባ ማጥናት ጀመረ።

ከዚህ ሁሉ ጥናትና ሥራ የወጣው ዋና ደንብ አንድ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ሰው በስሕተት የሚረዳው ነው። ክሬዲት የሚሰጠው ለኖሩት ኑሮ ሳይሆን ከኑሮው ለተገኘው ትምህርት ነው። ዐሥር ዓመት በሰው አገር መኖር ብቻውን አንዲት ክሬዲት አያስገኝም። በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ያወቁትን ለይቶ መናገር፣ ማስረጃውንም አቅርቦ ማሳየት የቻለ ግን የድካሙን ዋጋ ሊያገኝ ይችላል።

ይህ አሳብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በቅኔ ቤት መምህሩ ተማሪውን ስንት ክረምት ተቀመጥህ ብለው አያስመርቁትም፤ ቅኔውን ይሰሙታል እንጂ። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ የደረሰውን ያውቁታል፤ ብዙ ዘመን ተቀምጦ ቤት መሙላት ያቃተውንም ያውቁታል። ከሌላ አገር ጉባኤ የመጣ ተማሪ በሆነ ጊዜም ደጅ የጠናበት ቦታ ሊጠየቅ ይችላል፤ ችሎታው የሚታወቀው ግን ሲቀኝ ነው።

እንግዲህ ይህን በኮሌጅ ለማሳየት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ፈተና ነው። ሁለተኛው ፖርትፎሊዮ የሚባለው የማስረጃ ጥራዝ ነው፤ ይኸውም ተማሪው በአንድ በተወሰነ ኮርስ የሚሰጠውን ትምህርት አስቀድሞ ማወቁን በጽሑፍና በማስረጃ የሚያረጋግጥበት ነው። የትምህርቱ መምህር ይመረምረዋል፤ ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል።

ነገሩ በምሳሌ ይሻላል። የአክስቴ ልጅ በ19 ዓመቷ ከደሴ ወደ ቤይሩት ሄዳ በሰው ቤት አምስት ዓመት ሠራች። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግራ ዛሬ በሜሪላንድ ቀን በሁለት ዓመት ኮሌጅ ትማራለች፤ ማታ በሆቴል ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሰፈሯ ያሉትን እንግሊዝኛ የማያውቁ እናቶች ወደ ሐኪም እየወሰደች በነጻ ታስተረጕምላቸዋለች። ከኮሌጁ ኮርሶች አንዱ ባህላቸው የተለያየ ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚግባቡበት ሁኔታ የሚያስተምር ነው። የኮርሱን ስም ባየች ጊዜ «ይህንንስ ኖሬዋለሁ» ብላ ፖርትፎሊዮ ጽፋ አቀረበች።

የመጀመሪያው ጥራዝ ከዳር እስከ ዳር የሕይወት ታሪኳ ነበር። የቤይሩት አሠሪዋ፣ የተቈለፈው በር፣ የእናቷ ናፍቆት፣ በአሜሪካ ያየችው የመጀመሪያ በረዶ፣ ሁሉም ነበረበት። መርማሪዋ መምህርት አንብባ፣ «ታሪክሽ ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ሌላ ሰው ሊማረው የሚችለው የትኛው ነው?» የሚል ማስታወሻ ጽፋ መለሰችላት። የአክስቴ ልጅ በጣም ተቈጣች። በስልክ ስትነግረኝ፣ «ያለቀስሁትን እንባ በብልቃጥ አድርጌ እንዳመጣላት ነው የምትፈልገው» አለችኝ። እኔ ግን የመምህርቲቱ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር እላለሁ፤ መራራ መሆኑ ትክክለኛነቱን አያስቀረውም።

ሁለተኛው ጥራዝ ከፊተኛው በግማሽ ያነሰ ነበር። በዚህ ጊዜ ኮርሱ ተማሪው እንዲያውቅ የሚፈልጋቸውን ነጥቦች አስቀድማ ተቀብላ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ያየችውን፣ ያደረገችውን፣ ከዚያም የተረዳችውን ጻፈች። ጥቂቱን ልንገራችሁ።

አንዲት አሮጊት ሐኪም ዘንድ ቀርበው «ምች መታኝ» ይላሉ። ምች በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? አቻ ስም የለውም። ፀሐይ መታኝ ብሎ መተርጐም ሐኪሙን ወደ ሌላ በሽታ ይመራዋል፤ የከንፈር ቍስል ነው ማለትም የነገሩን ግማሽ ያስቀራል። ስለዚህ እሷ ቃሉን እንዳለ «ምች» ብላ ከተናገረች በኋላ፣ ይህ የአገራችን ሰው ለሕመሙ የሚሰጠው ስም መሆኑን፣ ብዙ ጊዜ ከፀሐይ ጋር እንደሚያያይዘው፣ ትኵሳትና ራስ ምታት የከንፈርም ቍስል ሲታይ እንዲህ እንደሚባል ታስረዳለች። ዳማከሴ የሚባል ቅጠል ተጨምቆ እንደሚጠጣም ነግራው፣ አሮጊቷ ጠጥተው እንደ ሆነ ሐኪሙ እንዲጠይቃቸው ታሳስበዋለች። የበሽታ ስም የአንድን ሕዝብ አሳብ ተሸክሞ የሚሄድ መሆኑን፣ አስተርጓሚም ቃል በቃል ብቻ ቢመልስ ይህን ጭነት መንገድ ላይ ጥሎት እንደሚቀር ጻፈች።

ሌላው «እሺ» የምትለዋ ቃላችን ናት። ሐኪሙ መድኃኒቱን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲወስዱ ይነግራቸዋል፤ እናቶቻችንም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» ይላሉ። ሐኪሙ ተስማሙ ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን የእኛ እሺ ብዙ ጊዜ «ሰምቼዎታለሁ፣ አከብርዎታለሁ» ማለት እንጂ «አደርገዋለሁ» ማለት አይደለም። (ለአባቱ እሺ ብሎ ያላደረገ ተማሪ ከመካከላችን ካለ ይህን ያውቀዋል።) ስለዚህ በሽተኛዋ የተነገራቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲናገሩ ማድረግን ለመደች። ይህ ዘዴ ለካ በሐኪሞችም ዘንድ የሚታወቅና የሚሠራበት ኖሯል፤ እሷ ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቶቹ ዝምታ ነበር ያገኘችው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። በእኛ አገር ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ባለ መርዶውን የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ነው። በአሜሪካ ሕክምና ደግሞ ስለ በሽታው እውነቱን ማወቅ የበሽተኛው የራሱ መብት ስለ ሆነ ሐኪሙ በቀጥታ ለእርሱ ይነግረዋል። አንድ ቀን የአንዲት እናት ልጆች የአክስቴን ልጅ በር ላይ ይዘው፣ «ካንሰር የሚለውን ቃል አደራ እንዳትተረጕሚ» ብለው ለመኗት። ምን ታድርግ? በ2004 የወጣው የአሜሪካ የሕክምና አስተርጓሚዎች የሥነ ምግባር ደንብ፣ አስተርጓሚ የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲያደርስ ያዝዛል። በሌላ በኩል ግን ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፤ እናታቸውን እንዳደጉበት ልማድ ማክበራቸው ነበር።

እሷም ቃሉን አልደበቀችም፤ በድንገትም አልወረወረችው። ለሐኪሙ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ የለመኗትን ነገር ገልጣ፣ በአገራችን ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር አስረዳችው። ከዚያም በሽተኛይቱ ራሳቸው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉና ማን ከጎናቸው እንዲሆን እንደሚወዱ ቢጠየቁ ይሻላል አለችው። ሐኪሙም ጠየቃቸው። እናትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ለታላቁ ልጄ ንገሩት፤ እሱ በሰዓቱ ይነግረኛል» አሉ። በፖርትፎሊዮዋም ላይ፣ አንዱ ሕዝብ በሽተኛውን በእውነት፣ ሌላው ደግሞ ብቻውን ባለመተው እንደሚያከብረው፣ አስታራቂው መንገድ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሳይሆን ባለቤቱን መጠየቅ መሆኑን ጻፈች።

መምህርቲቱ ይህን ጥራዝ ተቀበለች፤ 3 ክሬዲትም ተሰጠ። ልብ በሉ፤ ያው ሰው፣ ያው ኑሮ ነው። በፊተኛው ጥራዝ ኑሮው ብቻ ነበረ፤ በሁለተኛው ከኑሮው የወጣው ትምህርት ተለይቶ ታየ።

አሁን ወደ ቋንቋ ልመለስ። ብዙ ሰው እንደሚያስበው የአፍ መፍቻ ቋንቋ በቀላሉ ክሬዲት የሚያስገኝ አይደለም። ክሌፕ ፈተና ያለው ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛና ለስፓኒሽ ብቻ ነው፤ አማርኛ የለበትም። አክትፍል የሚባለው የቋንቋ አስተማሪዎች ማኅበር ግን በአማርኛም የቃል ፈተና አለው። ፈታኙ በቀላል ጨዋታ ይጀምርና ተናጋሪው አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ጥያቄውን እያከበደ ይሄዳል። ስለ ቤተ ሰብና ስለ ገበያ ማውራት መካከለኛውን ደረጃ ያስገኛል፤ ከፍ ላለው ደረጃ ግን በአንድ አከራካሪ ጉዳይ አሳብን በምክንያት ደግፎ ማስረዳት፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያሉም መተንተን ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ስትደርስ እንግሊዝኛ መቀላቀል አማራት፤ እየተናነቃት ተወጣችው። የአማርኛ አስተማሪያችን ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። በአማርኛው ክሬዲት አገኘች፤ አንዳንድ ኮሌጆች ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ክሬዲት አንሰጥም የሚል ደንብ አላቸው።

በዐረብኛውም ተፈትና ነበር፤ ደረጃዋ ዝቅ ያለ ሆነ። አምስት ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት የሰማችው ቋንቋ ነው፤ ታዲያ እንዴት እንዲህ ሆነ? እሷ ራሷ የሰጠችኝ ምክንያት ከልቤ አልጠፋም። «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ ሲሉኝ ነው የተማርኩት፤ በዚያ ቤት አሳቤን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ አሳቤን መግለጽ የሚያስችል ዐረብኛ የለኝም» አለችኝ። እንግዲህ ከዚህ እንደምንረዳው በሰው አገር መኖር ሁሉ እኩል አያስተምርም፤ ሰው የሚማረው በተፈቀደለት ቦታ ልክ ነው። ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም ይህን ጉድለት በእሷ ላይ ብቻ ማሳበብ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ይህን አሠራር የሚቃወሙ አሉ፤ ቃላቸውም የሚናቅ አይደለም። በክርክራችን ጊዜ አንድ ጓደኛችን «ኑሮማ ሁላችንም እንኖራለን፤ እናቴም ዲግሪ ይሰጣት» ብሎ አስቆን ነበር። ከሣቁ በስተ ኋላ እውነተኛ ሥጋት አለ። በዓለም ላይ «የሕይወት ልምድዎን ይላኩ፤ ዲግሪዎን በፖስታ እንልካለን» እያሉ ወረቀት የሚሸጡ አታላዮች ሞልተዋል። የእነዚህ ምልክታቸው ምንም ነገር አለመመርመራቸው ነው፤ ስለዚህ ምርመራው በጠበቀ መጠን እውነተኛው ከሐሰተኛው ይለያል።

ሌላው ተቃውሞ የመምህራን ነው። ከልምድ የመጣ ዕውቀት የራሱን መንደር ብቻ ያውቃል፤ ትምህርት ግን ከአንዱ መንደር አውጥቶ ሌላውንም ያሳያል ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው። ዳሩ ግን እነዚሁ ኮሌጆች የራሳቸውን ተማሪዎች ለአንድ ሴሚስተር ወደ ውጭ አገር ይልካሉ፤ ተማሪውም የውጭውን ሕዝብ ባህልና ቋንቋ አይቶ ሲመለስ ክሬዲት ይቈጠርለታል። ሦስት ወር በባዕድ አገር በአስተማሪ ተጠብቆ የተቀመጠ ተማሪ የተማረው ከተቈጠረ፣ በሁለትና በሦስት ባህል መካከል ዓመታት የኖረውን ቢያንስ «ምን ተማርህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለቱም ይፈተኑ፤ እኔ የማልስማማው አንደኛው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኩልም የተጀመረ ነገር አለ። ብዙ የሶማሌና የኦሮሞ ቤተ ሰቦች በሚኖሩባት በሚኔሶታ በ2014 በወጣ ሕግ፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በፈተና ያስመሰከረ ተማሪ የቋንቋ ማኅተም ይሰጠዋል፤ የክፍለ ግዛቱም የመንግሥት ኮሌጆች ይህን በክሬዲት ይቈጥሩለታል። የስደተኛ ልጅ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ሸክም ሳይሆን ስንቅ ሆኖ ሲታይ እንዲህ ነው። በፈረንሳይም በ2002 የወጣ ሕግ በሥራ የተገኘን ልምድ በመርማሪዎች ጉባኤ አስመዝኖ ዲፕሎማ ማግኘትን ፈቅዷል። በአገራችን ደግሞ ሲኦሲ እያልን የምንጠራው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ አናጢው ወይም መካኒኩ ሙያውን በሥራ ላይ ቢማረውም ቀርቦ እንዲመዘን በር ይከፍታል። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ስላለው በሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ቢጽፍበት መልካም ነው።

ወደዚህ መንገድ ለሚገቡት ጓደኞቼ ከአክስቴ ልጅ የሰማሁትን ጥቂት ነገር ላድርስ። ፖርትፎሊዮ ከመጻፍ በፊት የኮርሱን ዝርዝር ከመምህሩ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከኮርሱ ጋር የማይገናኝ ዕውቀት የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ቦታ አያገኝም። እሷ ቤት አያያዝንና ወጥ ሥራን ለማስቈጠር ጠይቃ፣ ኮሌጁ እንዲህ ያለ ኮርስ ስለሌለው ሳይመረመር ቀርቷል። ያሠሩአችሁ ወይም የረዳችኋቸው ሰዎች የምስክር ደብዳቤ ጊዜው ሳያልፍ ይያዝ፤ ከዓመታት በኋላ ሰው አይገኝም። ለምርመራውም ብዙ ጊዜ ክፍያ አለው፤ ያውም ብታልፉም ባታልፉም የሚከፈል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ክሬዲቱ የሚቈጠረው ለየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይጠየቅ። በአንዳንድ ቦታ ለዋናው ትምህርት ሳይሆን ለምርጫ ትምህርት ብቻ ይቈጠራል፤ በዚያ በኩል የቀረ ባዶ ቦታ ከሌለ ወረቀት ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ዲግሪው አያስጠጋም። ደግሞም አንዱ ኮሌጅ የሰጠውን ሌላው የመቀበል ግዴታ የለበትም። የአክስቴ ልጅ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ ነርስነት ለመማር አስባለች፤ የአማርኛውን ክሬዲት እንደሚቀበሉ በጽሑፍ ነግረዋታል፤ ስለ ፖርትፎሊዮው 3 ክሬዲት ግን ጥራዙን ራሱን አይተን እንወስናለን ስላሏት፣ ሁለተኛውን ጥራዝ እንደገና አሳትማ ልካላቸው መልሱን በመጠባበቅ ላይ ናት።